ኮምፒውተር አልነሣም ሲል፣ ፎርማት ከመደረጉ በፊት

የእህቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ አራት ቀን ሲቀራት መብራት ሄደ። የላፕቶፗ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ የሚሠራው ዲቫይደር ላይ እንደተሰካ ነበር። መብራቱ ተመልሶ ስትከፍተው የለመደችው ገጽ አልመጣም። በሰማያዊ መደብ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያና ከሥሩ አንድ ረጅም ቁጥር ተደቅኖ ቀረ። ሁለቴ ሦስቴ አጥፍታ አበራችው፤ ያው ነው። በድንጋጤ ወደ አንድ ጥገና ቤት ይዛው ሄደች። ባለሙያው ስክሪኑን ለአፍታ አየና «ሲስተሙ ሄዷል፤ ፎርማት ነው» አላት። እሺ አለች። ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑ እንደ አዲስ ተነሣ። ውስጡ ግን ባዶ ነበር፤ ጽሑፏም፣ ለጥናቷ የቀዳቻቸው ቃለ መጠይቆችም፣ የአያቷ የመጨረሻ ፎቶዎችም የሉም።

ማታ ቤቴ መጥታ ያንን ስክሪን በስልኳ ያነሳችበትን ፎቶ ስታሳየኝ አንጀቴ አረረ። ቁጥሩ 0ኤክስሲ000000ኤፍ ይላል። ይህ ቁጥር ፋይሎችሽ ጠፍተዋል አይልም። ዊንዶውስ የት እንዳለ የሚነግረኝን ፋይል ማንበብ አቃተኝ ነው የሚለው። ያ ፋይል በኪሎባይት የሚቆጠር፣ በስልክ ከተነሣ አንድ ፎቶ እንኳ የሚያንስ ነገር ነው። ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ሥራ እንደገና ይጻፋል፤ የባለቤቱ ሰነድና ፎቶ ሳይነካ። ይህን ማብራሪያ የምጽፈው ያ ግማሽ ሰዓት ስላልተሰጣት ነው።

ኮምፒውተሩ ሲበራ ምን ይሆናል?

የማብሪያ ቁልፉን ስትጫኑ ዊንዶውስ ወዲያው አይነቃም። መጀመሪያ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም ነው። በድሮዎቹ ኮምፒውተሮች ባዮስ፣ በአዳዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል፤ በሰው አፍ ግን ሁለቱም ባዮስ ናቸው። እሱ ሜሞሪውን፣ ኪቦርዱንና ዲስኩን ይፈትሽና ዲስኩ ላይ ወዳለች አንዲት ጠባብ ክፍል ያመራል። ባለሙያዎች ፓርቲሽን የሚሏት ይህች ክፍል በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋባይት ገደማ ናት። ፋይሎቻችሁን በምታዩበት ቦታ አትታይም፤ እንደ ሲ ወይም ዲ ያለ ፊደልም የላትም። እዚያ ውስጥ ቡት ማናጀር የሚባል ፕሮግራም አለ። ቡት ማናጀሩ በራሱ ዊንዶውስ በየትኛው ዲስክ፣ በየትኛው ፓርቲሽን፣ በየትኛው ፎልደር እንደሚገኝ አያውቅም። ይህን የሚያነበው አጠገቡ ካለ ሌላ ፋይል ነው። ስሙ ቢሲዲ ነው፤ የማስነሻ መረጃ የሚቀመጥበት ማለት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቀው ሰው ቤት ሄዶ ለሚያውቅ ይህ አይከብድም። በቤት ቁጥር የሚደርስ ሰው ብዙ የለም። «ከአስፋልቱ ገባ ብለህ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፈህ፣ ሰማያዊው በር» የሚል ወረቀት ተይዞ ነው የሚኬደው። ወረቀቱን ዝናብ መትቶት ቀለሙ ቢለቅ እንግዳው መንገድ ላይ ይቀራል። ቤቱ ግን እዚያው ነው፤ ቡናውም ተፈልቶ እየተጠበቀ ነው። ቢሲዲ ያ ወረቀት ነው። ፎርማት ደግሞ ወረቀቱ ስለጠፋ ቤቱን አፍርሶ አዲስ መሥራት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዊንዶውስ ሲታመም ራሱን የሚያክምበት ትንሽ ክፍል ዲስኩ ላይ አለው። በተከታታይ ሁለት ሦስት ጊዜ መነሣት ሲያቅተው በራሱ ወደዚያ ይገባል። ግን የዚያ ክፍል አድራሻም የተጻፈው እዚያው ቢሲዲ ውስጥ ነው። ወረቀቱ ሲጠፋ የሐኪሙም አድራሻ አብሮ ይጠፋል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ከውጭ በፍላሽ መምጣት የግድ የሚሆነው።

የድሮው ፋይል ያስተማረን

ቢሲዲ ከመምጣቱ በፊት ሥራው የቡት ዶት አይኤንአይ ነበር። ከዊንዶውስ ኤንቲ እስከ ኤክስፒ ድረስ ሲ ድራይቭ ላይ ተደብቆ የኖረ፣ በኖትፓድ የሚከፈት ተራ ጽሑፍ ነው። ሁለት ክፍል ነበረው። የላይኛው ስንት ሰከንድ እንደሚጠበቅና የትኛው ዊንዶውስ እንደሚቀድም ይናገራል፤ የታችኛው ያሉትን ዊንዶውሶች ከነአድራሻቸው ይዘረዝራል። አድራሻው «መልቲ(0)ዲስክ(0)አርዲስክ(0)ፓርቲሽን(1)» እያለ የሚሄድ ነበር። እዚህ ላይ ስንቱን ያሳሳተ ነገር አለ፤ ዲስክ የሚቆጠረው ከ0 ተነሥቶ ሲሆን ፓርቲሽን ግን ከ1 ነው። ባለቤቱ ዲስኩን እንደ አዲስ ሲከፋፍል ፓርቲሽን 1 የነበረው 2 ይሆናል፤ ፋይሉ ላይ ግን 1 እንደተባለ ይቀራል። በማግስቱ ኮምፒውተሩ የሌላ ሰው በር ያንኳኳል።

ያኔ የሚወጣው መልእክት ነው ብዙ ሰው ያደናገረው። «ሃል ዶት ዲኤልኤል የሚባለው ፋይል ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል» ይላል። ሃል ዊንዶውስን ከኮምፒውተሩ አካል ጋር የሚያገናኝ ትልቅ ቦታ ያለው ፋይል ነው። ስለዚህ ሁሉም ሃልን ፍለጋ ይወጣል። ከጎረቤት ኮምፒውተር ገልብጦ ያስገባል፤ አይሠራም። ሌላ ይሞክራል፤ አይሠራም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ፎርማት ያደርጋል። ሃል ግን ብዙ ጊዜ ቦታው ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ በተሳሳተ አድራሻ ገብቶ ስላጣው ነው «የለም» ያለው። ዛሬም የጥገና ሥራ ላይ ይህን አስታውሳለሁ፤ ስክሪኑ ስሙን የጠራው ፋይል ሁልጊዜ ጥፋተኛው አይደለም።

ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ድጋፍ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ነው። እንዲያም ሆኖ ከአንድ የቆየ የላቦራቶሪ ወይም የማተሚያ መሣሪያ ጋር ተጣብቆ የሚሠራ ኤክስፒ የሚገጥመው ሰው አይጠፋም። ለእሱ መድኃኒቱ አጭር ነው። በኤክስፒ ሲዲ ታስነሡታላችሁ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የ«አር»ን ቁልፍ ትጫናላችሁ፤ ዊንዶውሱን በቁጥሩ መርጣችሁ የአድሚኒስትሬተሩን የይለፍ ቃል ትሰጣላችሁ። ከዚያ «ቡትሲኤፍጂ ስላሽ ሪቢልድ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ዲስኩን አስሶ ያገኘውን ዊንዶውስ ያሳያችኋል። ይጨመር ወይ ሲላችሁ ዋይ፣ ስም ሲጠይቅ የወደዳችሁትን፣ ተጨማሪ አማራጭ ሲጠይቅ «ስላሽ ፋስትዲቴክት» ትሉታላችሁ። አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ቡት ዶት አይኤንአይን አሰናብቶ ቢሲዲን አመጣ። ቢሲዲ ጽሑፍ አይደለም። እንደ ዊንዶውስ ሬጂስትሪ የተቋጠረ መረጃ ስለሆነ በኖትፓድ ቢከፈት አይነበብም። በባዮስም በዩኢኤፍአይም ለሚነሡ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት አሠራር ሰጥቷል፤ በእጅ ማረምን ግን አስቀርቷል። የሚነካው ለእሱ በተሠሩ መሣሪያዎች ነው፤ ዋናዎቹ ደግሞ ከዊንዶውስ ጋር በነፃ የሚመጡ ናቸው።

ለምን ይበላሻል?

በእኛ አገር ቀዳሚው ምክንያት መብራት ነው ብዬ አምናለሁ። ዊንዶውስ ያለበት ትልቁ ፓርቲሽን ኤንቲኤፍኤስ በሚባል አሠራር የተደራጀ ሲሆን፣ የሚሠራውን ለውጥ አስቀድሞ በማስታወሻ ስለሚመዘግብ መሐል ላይ ቢቋረጥ ተመልሶ ራሱን ያስተካክላል። ያቺ 100 ሜጋባይት ገደማ የሆነች ጠባብ ክፍል ግን በፋት32 የተሠራች ናት፤ ፋት32 እንዲህ ያለ ማስታወሻ አይዝም። ዊንዶውስ ራሱን አፕዴት ሲያደርግ እዚያ ውስጥ የሚጽፍበት ጊዜ አለ። በዚያች ደቂቃ መብራት ከሄደ ፋይሉ ግማሹ ተጽፎ ሊቀር ይችላል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ፣ ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ፣ «አይጥፋ፤ አፕዴት ላይ ነኝ» እያለ የሚለምን ስክሪን፤ እነዚህ ሲገጣጠሙ አደጋው ይመጣል።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ሰዎች ላፕቶፓቸው እንዲፈጥንላቸው የድሮውን ሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ሲያስገለብጡ፣ ቢሲዲው ሳይስተካከል የአሮጌውን ዲስክ መለያ ይዞ ሊቀር ይችላል። አሮጌው ዲስክ እንደተሰካ ሳለ ችግሩ አይታወቅም፤ የነቀሉት ዕለት ይገለጣል። ሊነክስን ከዊንዶውስ ጎን ጭነው በኋላ ፓርቲሽኑን የሚሰርዙም ጥቁር ስክሪን ላይ «ግራብ ሬስኪዩ» የሚል ጽሑፍ ይጠብቃቸዋል፤ ብዙዎቹ ከማስነሻው ዝርዝር «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚለውን ቢመርጡ ብቻ ይነሣላቸዋል። የሚያረጅ ዲስክም አለ። እሱን የምፈራው ከሁሉም በላይ ነው፤ ምክንያቱን ከታች እነግራችኋለሁ።

ስክሪኑ ላይ የሚወጡትን ቁጥሮች በአጭሩ፦ መጨረሻው 000000ኤፍ የሆነው ቢሲዲው ወይም እሱ የሚጠቁመው ነገር አልተገኘም ሲል ነው። መጨረሻው 0000034 የሆነው ፋይሉ አለ፣ የሚያስፈልገው መረጃ ግን ጎድሎበታል ይላል። መጨረሻው 0000098 የሆነው ደግሞ ፋይሉ ውስጥ የሚነሣ ዊንዶውስ አልተመዘገበም ማለት ነው። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አድራሻው ነው።

እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት

መጀመሪያ ስክሪኑን ፎቶ አንሡት። ቀጥሎ የተሰካውን ፍላሽ፣ ሜሞሪ ካርድና የውጭ ዲስክ ሁሉ ንቀሉና እንደገና አብሩት። ፍላሹ ላይ ቆሞ «የሚነሣ ነገር አጣሁ» የሚል ኮምፒውተር ብዙ ነው፤ አንድ ፍላሽ በመንቀል ብቻ የተመለሰ አይቻለሁ።

ካልሆነ ባዮስ ውስጥ ግቡ። እንደ ኮምፒውተሩ ዓይነት ሲበራ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ዲሊት ይጫናሉ። ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው ዲስኩ በስሙ ተመዝግቦ መታየቱ ነው፤ ካልታየ ችግሩ የፋይል ሳይሆን የዲስክ ወይም የገመድ ነው፤ ትእዛዝ በመጻፍ አይድንም። ሁለተኛው ቀኑና ሰዓቱ ነው። ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ካገኛችሁት ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባለው ናት። እሷ ስታልቅ በአንዳንድ ኮምፒውተሮች የባዮሱ ምርጫዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ወደነበሩበት ይመለሳሉ። በዩኢኤፍአይ ይነሣ የነበረው «ሌጋሲ» ወደሚባለው የድሮ አሠራር ይዞራል፤ ወይም ዲስኩን የሚያነብበት ዘዴ ይቀየራል። ቢሲዲው ምንም ሳይሆን ኮምፒውተሩ አልነሣም ይላል። ባትሪዋን ቀይሮ ምርጫውን መመለስ ይበቃል። ብዙ ዓመት በተሠራባቸው ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ላይ ይህን ሳያዩ ወደ ሌላ ማለፍ አይገባም።

ሃርድ ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ እዚያው ላይ አቁሙ። በየሙከራው እየደከመ ነው። ውስጡ የምትሳሱለት ነገር ካለ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ መረጃ ማዳን ለሚችል ሰው ስጡት። ማስነሻውን መጠገን የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው።

ፍላሹን ማዘጋጀት

ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽና ጤነኛ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለው፤ ዊንዶውሱን ከኢንተርኔት አውርዶ ፍላሹ ላይ ራሱ ይጭነዋል። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ። የሚወርደው ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በስልክ ዳታ ያከስራል፤ መሥሪያ ቤት ወይም ዋይፋይ ያለበት ቦታ ብታደርጉት ይሻላል። አንድ ጓደኛ ያዘጋጀው ካለ እሱም ይሠራል። የምትጠግኑት ዊንዶውስ 11 ከሆነ ፍላሹም የ11 ቢሆን ይመረጣል።

ፍላሹን ሰክታችሁ ኮምፒውተሩን ስታበሩ የማስነሻ ምርጫውን የሚያመጣውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ምቱ። በዴልና በሌኖቮ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ነው። ከዝርዝሩ ፍላሹን ምረጡ። ቋንቋ የሚጠይቀው ገጽ ሲመጣ ሺፍትን ይዛችሁ ኤፍ10ን ብትጫኑ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ይከፈታል። «ኢንስቶል» የሚለውን ቁልፍ አትንኩ። ቤት የሚፈርሰው እዚያ ነው።

ቀድሞ መረጃውን ማውጣት

አሁን ላፕቶፑ በፍላሹ ዊንዶውስ ተነሥቷል። ዲስካችሁ ጤነኛ ከሆነና ካልተቆለፈ ፋይሎቻችሁ ከዚህ መስኮት ይታያሉ። የጥገና ቤት ሰዎች ሁሉ ቢያውቁት የምመኘው ዘዴ ይህ ነው። ጥቁሩ መስኮት ላይ «ኖትፓድ» ብላችሁ ጻፉና ኢንተርን ተጫኑ። ኖትፓድ ይከፈታል። ከ«ፋይል» ሥር «ኦፕን» በሉት፤ ከታች ያለውን ምርጫ «ኦል ፋይልስ» ወደሚለው ቀይሩት። ያ ትንሽ መስኮት አሁን ፋይል መመልከቻ ሆነላችሁ። ወደ «ዩዘርስ» ፎልደር ግቡ፣ ስማችሁን ክፈቱ፣ የሚያስፈልጋችሁን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ኮፒ አድርጉና ሌላ ፍላሽ ላይ ፔስት አድርጉ። ትልቅ ፎልደር ሲገለበጥ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር ላታዩ ትችላላችሁ፤ ታገሡ። ፊደሎቹ ቢምታቱ አትደንግጡ። በዚህ ሁኔታ ሲ የነበረው ዲ፣ ዲ የነበረው ኢ ሊባል ይችላል፤ ኤክስ የሚባለው ደግሞ ከፍላሹ የተነሣው ጊዜያዊ ዊንዶውስ ነው።

የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ጥገና ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በነበረበት ሰዓት ይህን ማድረግ ይቻል ነበር።

ዲስኩን ስትከፍቱ የ48 አሃዝ ቁልፍ ከተጠየቃችሁ ቢትሎከር በሚባለው ዘዴ ተቆልፏል። በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈቱ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ ዘዴ ባለቤቱ ሳያውቀው በራሱ የሚበራበት ጊዜ አለ። ቁልፉ የሚቀመጠው አካውንቱ ውስጥ ስለሆነ በስልክ ብሮውዘር ገብታችሁ ታገኙታላችሁ። ለእኛ ሰው አንድ የተለየ ነገር አለ። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዘመድ የላከው ላፕቶፕ መጀመሪያ የተከፈተው በላኪው አካውንት ከሆነ ቁልፉ ያለው እሱ ዘንድ ነው። ደውላችሁ ጠይቁት። ዛሬ ኮምፒውተራችሁ ደህና ከሆነም ዛሬውኑ ጠይቁና ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ቁልፉ ከሌለ ያንን ዲስክ የሚከፍት ባለሙያ የለም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለ የደኅንነት ድርጅት የላከው አንድ የተሳሳተ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ገደማ ኮምፒውተሮችን ሲጥል፣ ያኛው ችግር የቢሲዲ ባይሆንም፣ ብዙ ባለሙያዎችን ያዘገየው ይህንኑ የ48 አሃዝ ቁልፍ በየማሽኑ መፈለግ ነበር።

ጥገናው

ትእዛዞቹን እዚህ በአማርኛ ፊደል ነው የምጽፋቸው፤ እናንተ የምትጽፏቸው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ስላሽ የምለው የጥያቄ ምልክት ያለበት ቁልፍ ላይ ያለውን፣ ባክስላሽ የምለው ወደ ሌላው ጎን ያዘነበለውን ነው።

ከትእዛዝ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ጥቁሩን መስኮት ዝጉና «ሪፔር» የሚለውን ምርጫ፣ ከዚያ «ትራብልሹት»፣ ከዚያ «ስታርትአፕ ሪፔር»ን ምረጡ። አንዳንዴ በራሱ ይጨርሰዋል። «መጠገን አልቻልኩም» ቢላችሁ ግን ኮምፒውተሩ ሞተ ማለት አይደለም፤ ወደ ጥቁሩ መስኮት ተመለሱ።

«ዲስክፓርት» ብላችሁ ጻፉ፤ ፊደሎቹ ዲ፣ አይ፣ ኤስ፣ ኬ፣ ፒ፣ ኤ፣ አር፣ ቲ ናቸው። ይህ ፕሮግራም ስለታም ነው። «ክሊን» የሚል ትእዛዝ አለው፤ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ሳይጠይቅ የዲስኩን ክፍፍል በቅጽበት ያጠፋል። እኔ ከምነግራችሁ ሌላ ምንም አትጻፉበት። «ሊስት ዲስክ» በሉት። ከዲስካችሁ ትይዩ ጂፒቲ በሚለው ዓምድ ሥር የኮከብ ምልክት ካለ ኮምፒውተሩ የሚነሣው በዩኢኤፍአይ ነው፤ ያለፉት አሥር ዓመታት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው።

ቀጥሎ «ሊስት ቮልዩም» በሉት። ፋት32 የሚል፣ 100 ሜጋባይት ገደማ የሆነ መስመር ፈልጉ። የሰካችሁት ፍላሽም ፋት32 ስለሚሆን እንዳትሳሳቱ፤ የእሱ መጠን በጊጋባይት ነው፣ አጠገቡም «ሪሙቨብል» ይላል። የትክክለኛውን ቁጥር ያዙ። 3 ነው እንበል። «ሴሌክት ቮልዩም 3»፣ ከዚያ «አሳይን ሌተር፣ የእኩል ምልክት፣ ኤስ» በሉ። ፊደል ያልነበራት ጠባብ ክፍል አሁን ኤስ ተባለች። «ኤግዚት» ብላችሁ ከዲስክፓርት ውጡ።

ዊንዶውሳችሁ የት እንዳለ ደግሞ አረጋግጡ። ዲ፣ አይ፣ አር ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ ሲ፣ ሁለት ነጥብ፣ ባክስላሽ ጻፉ። «ዊንዶውስ» እና «ዩዘርስ» የሚሉ ፎልደሮች ከታዩ ቤቱ ተገኘ። ካልታዩ በዲና በኢ ሞክሩ።

አሁን ወረቀቱን እንደገና የሚጽፈው ትእዛዝ፦ «ቢሲዲቡት»፣ ክፍት ቦታ፣ «ሲ፣ ሁለት ነጥብ፣ ባክስላሽ፣ ዊንዶውስ»፣ ክፍት ቦታ፣ «ስላሽ ኤስ»፣ ክፍት ቦታ፣ «ኤስ፣ ሁለት ነጥብ»፣ ክፍት ቦታ፣ «ስላሽ ኤፍ»፣ ክፍት ቦታ፣ «ዩኢኤፍአይ»። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሲ ላይ ካለው ዊንዶውስ የማስነሻ ፋይሎቹን ወስደህ ኤስ ላይ አስቀምጥ፣ ዓይነቱም ዩኢኤፍአይ ይሁን። ዊንዶውሱ የተገኘው ዲ ላይ ከሆነ በሲ ቦታ ዲን ጻፉ። የማስነሻ ፋይሎቹ ተፈጥረዋል የሚል አንድ መስመር ከመጣ ተሳክቷል። ፍላሹን ነቅላችሁ አስነሡት።

መገልበጥ አልቻልኩም ካለ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ፊደል ነው። ፊደሉ ትክክል ከሆነ የተበላሸው አሮጌ ቢሲዲ መንገድ ዘግቶ ይሆናል። ኤስ ውስጥ፣ ኢኤፍአይ፣ ማይክሮሶፍት፣ ቡት በሚሉት ፎልደሮች ገብታችሁ ስሙን በ«ሬን» ትእዛዝ ቀይሩትና ድገሙ። አትሰርዙት፤ የተሳሳታችሁ እንደሆነ የምትመለሱበት እሱ ነው። ኤስን ፎርማት አድርጉ የሚል ምክር በየቦታው ይነገራል። እኔ የማደርገው ሌላው ሁሉ ሲያቅት ብቻ ነው፤ አንድ ፊደል የሳተ ሰው የቤተሰቡን ፎቶ የያዘውን ፓርቲሽን ሊያጠፋ ይችላል።

«ቡትሬክ» የሚባለውን ትእዛዝ የሰሙ ይኖራሉ። በባዮስ ለሚነሡት አሮጌ ኮምፒውተሮች ዛሬም ጥሩ ነው፤ «ቡትሬክ ስላሽ ፊክስኤምቢአር»፣ ከዚያ «ስላሽ ፊክስቡት»፣ ከዚያ «ስላሽ ሪቢልድቢሲዲ» ይባላል። በዩኢኤፍአይ ኮምፒውተር ላይ ግን ፊክስቡት ብዙ ጊዜ «ተከልክሏል» ብሎ ይመልሳል። ሪቢልድቢሲዲም «የተገኙ ዊንዶውሶች፦ 0» ሊል ይችላል። ይህን ዜሮ አይተው ዊንዶውሳቸው የጠፋ የመሰላቸው አሉ። ዊንዶውሱ አስቀድሞ ቢሲዲው ውስጥ ተመዝግቦ ከሆነም ያው ዜሮ ነው የሚወጣው።

ከተነሣ በኋላ

ኮምፒውተሩ እንደተነሣ ወዲያው ወደ ሥራ አትመለሱ። መጀመሪያ ከሁሉ የሚያሳስባችሁን ሰነድ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ኢሜይላችሁ ገልብጡ። ከዚያ «ቼክዲስክ» የሚባለውን ምርመራ በሲ ላይ አስኬዱ። በሳምንት ውስጥ ያው ስክሪን ተመልሶ ከመጣ ወንጀለኛው መብራት ሳይሆን ዲስኩ ነው። የምፈራው ያልኳችሁ ይህ ነው፤ የሚሞት ዲስክ መጀመሪያ ምልክት የሚሰጠው አንዳንዴ እንዲህ ባለ ትንሽ ፋይል ነው፤ ሰው ፋይሉን ጠግኖ ይረሳዋል፣ ከወር በኋላ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛ ከተደገመ ዲስኩን ለመቀየር አታመንቱ።

ጤነኛውን ቢሲዲ ማስቀመጥም ይቻላል። የትእዛዝ መስኮቱን በአድሚኒስትሬተር መብት ከፍታችሁ «ቢሲዲኤዲት ስላሽ ኤክስፖርት» ካላችሁና የፍላሻችሁን ፊደልና አንድ ስም ከጨመራችሁ ቅጂው ፍላሹ ላይ ይቀመጣል። ያንኑ ለመመለስ «ስላሽ ኢምፖርት» ነው።

ይህን ሁሉ ራሳችሁ መሥራት ከከበዳችሁ ለባለሙያ መስጠት ነውር የለውም፤ ጥሩ ባለሙያ ይህን ማብራሪያ ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል። ላፕቶፑን ስታስረክቡ ግን ያነሣችሁትን ፎቶ አሳዩና «መጀመሪያ መረጃዬ ይውጣ፤ ቢሲዲውን ሞክረው፤ ፎርማት የሚያስፈልግ ከሆነ ሳትነካው በፊት ደውልልኝ» በሉት፤ ደረሰኙ ላይም አስጽፉት።